ጡሩንባ ነፊው የት ተማረ?

የምረቃ በዓል በደረሰ ቁጥር የማርሽ ባንድ ይመጣል። ከፊት ዘንግ የሚያወዛውዘው መሪ፣ ከኋላው ክላርኔቱ፣ ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑ፣ በመጨረሻም ትልቁ ከበሮ ይከተላል። ተመራቂው ጋውኑን ለብሶ በዜማው ይራመዳል፤ ወላጅ እልል ይላል፤ ባንዱም ሥራውን ሲጨርስ መሣሪያውን በመኪና ጭኖ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ «እነዚህ ሰዎች ይህን የት ተማሩት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምተን አናውቅም። ጥያቄው ተራ ይመስላል። መልሱ ግን ከሙዚቃ ዐልፎ ስለ ድኻ ልጅና ስለ ትምህርት ብዙ የሚነግረን ሆኖ ስላገኘነው በዚህች ገጽ ልናነሣው ፈለግን።

እኛ ይህን የምንጽፈው ወናጎ ያደግን ተማሪዎች ነን። ወናጎ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው ጐዳና ላይ፣ በቡናና በእንሰት መካከል የተቀመጠች ከተማ መሆንዋን ለማያውቅ አንባቢ እንነግራለን። በልጅነታችን ከትንፋሽ የሚወጣ የብረት ድምፅ የምንሰማው ከዕድር ጡሩንባ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ገና ጎሕ ሳይቀድ ሰው መሞቱን የሚያረዳ ነው፤ ከመርዶ ነጋሪ ደግሞ ዜማ አይጠበቅም። ወደ ሞያሌ የሚወርደው የከባድ መኪና ክላክስ ከሙዚቃ ይቈጠር ካላልን በቀር ሌላ አልነበረም። በትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል መዝሙሩን በባዶ ጉሮሮአችን እንዘምራለን፤ ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ይሄዳል፤ መምህሩ ዝም ይላሉ። መዝሙሩ ለነሐስና ለከበሮ ተብሎ የተሰናዳ ስለ መሆኑ የነገረን የለም።

እንግዲህ ጡሩንባ ነፊው የተማረው በጦር ሰፈር ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ለረዥም ጊዜ የድኻ ልጅ በነጻ ገብቶ ትራምፔት፣ ሳክስፎንና ክላርኔት የሚማርበት ዋናው በር የወታደርና የፖሊስ ሰፈር በር ነበር። ይህ የሚያስመሰግንም የሚያሳዝንም ነገር ነው፤ ሁለቱንም እንናገራለን።

ከዚያ በፊት ሠራዊታችን ያለ ድምፅ ይዘምት ነበር ማለታችን አይደለም። ነጋሪት ነበረ፤ መለከትና እምቢልታ ነበረ። አዲሱ ነገር የመጣው ከዐድዋ ድል በኋላ፣ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በስጦታ በላኩ ጊዜ ነው። ከዚያም በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ በአርመኖች ገዳም የሚኖሩ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ ባንድ ሲጫወቱ አዩ። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አመጡአቸው፤ ስማቸውም «አርባ ልጆች» ተብሎ ቀረ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉ። ነጻነትዋን በደምዋ ያስከበረች አገር የመዝሙርዋን ዜማ የተቀበለችው አገር ካጡ ስደተኞች እጅ መሆኑን ስናስብ፣ «ባዕድ» የሚለውን ቃል ከመወርወራችን በፊት ትንሽ መቈየት ያሻናል። ትልቁ ከበሮና ጽናጽል ራሳቸው ወደ አውሮፓ ሠራዊት የገቡት ከቱርክ የጦር ሙዚቃ ነውና፣ በዚህ ነገር ከማንም ያልተበደረ የለም።

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስና ምድር ጦር የሙዚቃ ክፍሎቻቸውን በሰፊው አደራጁ። የውጭ አገር መምህራን ተቀጠሩ፤ ክብር ዘበኛን ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች፣ በኋላም ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዘልቬከር አሠለጠኑ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ሰው አስተማሩ። ከሠልጣኞቹ መካከል በተራቸው መሪና ደራሲ የሆኑ ወጡ፤ የክብር ዘበኛው ሳህሌ ደጋጎ፣ የምድር ጦሩ ለማ ደምሰው ኮሎኔል እስከ መባል የደረሱ ሙዚቀኞች ናቸው።

ይህ ሥልጠና ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያልቀመሰው ሰው አይገባውም። ክራርን አንድ ልጅ ከአጎቱ አጠገብ ተቀምጦ እያየ ሊለምደው ይችላል። ትራምፔት ግን ሦስት መጫኛ ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ የቀረው ድምፅ ሁሉ የሚገኘው ከከንፈር አያያዝና ከትንፋሽ ነው። ጀማሪው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያወጣው ድምፅ የታመመ ጥጃ ድምፅ ይመስላል። ከንፈር ያብጣል፤ ራስ ያዞራል፤ ጎረቤት ይማረራል። አንዱን ድምፅ ሳያንቀጠቅጡ እስከ ትንፋሽ መጨረሻ መያዝ ብቻውን ወራት ይፈጃል። ጥቂት ቀን ከተዉት ደግሞ ከንፈር ይሰንፍና የተገኘው ይጠፋል። በዚህ ላይ የማርሽ ባንድ ከሆነ፣ ሰውየው በደቂቃ ወደ 120 እርምጃ እየተራመደ፣ ሰልፉን ሳያዛንፍ፣ ኖታውን እያነበበ፣ በእግሩና በትንፋሹ መካከል የሚፈጠረውን ጠብ እያስታረቀ መንፋት አለበት። ይህን ሁሉ ለመማር መሣሪያ፣ መምህር፣ በየቀኑ ነጻ ሰዓትና የጠገበ ሆድ ያስፈልጋሉ። የአንድ ቡና ለቃሚ ልጅ ከነዚህ አንዱን ቢያገኝ ሦስቱን ያጣል። አራቱን በአንድነት፣ ዩኒፎርምና ደመወዝ ጨምሮ፣ ያቀረበለት የጦር ሰፈር ነው። መንግሥት ይህን ያደረገው ለድኻው አዝኖ አይደለም፤ እንግዳ የሚቀበልበትና ሰልፍ የሚያሳምርበት ድምፅ ፈልጎ ነው። የሆነ ሆኖ ትምህርቱ ትምህርት ነበር።

የተገኘውንም ፍሬ አገር ያውቀዋል። ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ ለአገር የታወቁት በክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ነው። ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ኦርኬስትራ ጀመሩ። ማሕሙድ አሕመድ በልጅነታቸው ጫማ ያሳምሩ ነበር፤ በኋላም አሪዞና በሚባለው የምሽት ክበብ የእጅ ሥራ እየሠሩ ሳለ፣ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በትርፍ ሰዓታቸው እዚያ እየመጡ ሲጫወቱ ይሰሙ ነበር። አንድ ምሽት ዕድል አግኝተው ዘፈኑ፤ በ1950ዎቹም የክፍሉ ባልደረባ ሆኑ። ዛሬ በልዩ ልዩ ዓለም የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ተብሎ የሚደመጠው፣ ያ የተጫነ የነሐስ ድምፅ ያለበት ሙዚቃ፣ ሥሩ ይህ ነው። ሲቪሎቹ የምሽት ክበብ ባንዶች እንኳ ከነሐስ ነፊዎቻቸው ብዙዎቹን ያገኙት ከዚያው ሰፈር ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነው እንለፍ። ሙዚቀኛው ወታደር ነው፤ ወታደር ደግሞ የራሱ አይደለም። በጠዋት ለሰልፍ ይወጣል፤ እንግዳው እስኪመጣ በፀሐይ ወይም በዝናብ ይቆማል፤ እንግዳው ሲያልፍ ይነፋል፤ ከዚያ ጥናት አለ፤ ማታም ሹማምንት ሲደንሱ የሚጫወተው እሱ ነው። ወሬ የሚሆነው ሲሳሳት ብቻ ነው። ሸክላው ሲታተም የዘፋኙና የሙዚቃ ክፍሉ ስም ይጻፋል፤ መግቢያውን የነፋው ትራምፔት ተጫዋች ግን ማን እንደ ነበረ አብዛኛውን ጊዜ የሚገልጽ መስመር የለም። የአገሬው ሰውም በበኩሉ ዩኒፎርሙን እያከበረ ሥራውን ግን «አዝማሪ» እያለ ይንቅ ነበር። ልጁ የሙዚቀኛ ጋብቻ ሲመጣበት ፊቱን ያጠቈረ አባት የነበረው በዱሮ ዘመን ብቻ ነው የሚል ካለ፣ በመጪው ዕረፍት ቤቱ ሄዶ «ሙዚቃ ላጠና ነው» ብሎ ይሞክረው።

ከዚህ የከፋው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደረሰ። የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ያስነሡት መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ ጊዜ፣ ቅጣቱ ከአዛዦቹ ዐልፎ ምንም ወደማያውቀው ወታደር ወረደ። ብዙው ተራ ወታደር የተሰለፈው ንጉሠ ነገሥቱን የሚከላከል መስሎት እንደ ነበር የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሁሉ መስክረዋል። ጥላሁን ገሠሠም ከታሰሩት አንዱ ነበሩ። የዘፋኝ ጥፋት ምን ሊሆን ይችላል? በዚያ ዩኒፎርም ውስጥ መገኘት ነው። ድምፁን ለመንግሥት ያከራየ ሰው፣ መንግሥት እርስ በርሱ ሲጣላ ዕዳው በእሱም ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ከራሳችን አገር ልጆች የቀረበልንን ተቃውሞ ልንደብቅ አንፈልግም። «እናንተ የወናጎ ልጆች» ይሉናል፣ «የወታደር ሙዚቃን የምታወድሱት የአያቶቻችሁን ነገር ረስታችሁ ነውን?» አልረሳንም። የጌዴኦ ሽማግሌ ጡሩንባና ወታደር በአንድነት ሲነሡ የሚያስታውሰው ሠርግ አይደለም። የምኒልክ ጦር ከገባ ጀምሮ በገዛ መሬቱ ገባርና ጭሰኛ ሆኖ የኖረ ሕዝብ ነው። በ1952 ዓ.ም. በሚጭሌ ጦሩን ይዞ በባለርስቶቹ ላይ ሲነሣ የመለሰለት ጥይት ነው። ክብር ዘበኛ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ከመነሣቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ስለዚህ እኛ ማርሽ ስንሰማ ልባችን እንዳለ አይዘልም፤ ማን ለማን ይነፋል ብለን እንጠይቃለን። ነገር ግን ሚጭሌ ላይ የቆመው ገበሬና በክብር ዘበኛ ግቢ ትሮምቦን የሚነፋው ወታደር፣ ስለ ዕጣቸው የሚጠይቃቸው ሰው ያልነበረ በመሆኑ ይመሳሰላሉ። የምንቃወመው ነገር ቢኖር የድኻ ልጅ ዜማ ለመማር ጠመንጃ መሸከም የግድ የሆነበትን ሥርዐት ነው። ሙዚቀኛውን በዚህ መውቀስ ወገንን መሳት ነው።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናልፈዋለን። ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቡን ዘጋ፤ ባንዶቹ አብዮት እንዲያወድሱ ታዘዙ፤ በ1967 ዓ.ም. መዝሙሩ ተለወጠ፤ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተለወጠ። ዕድሜ የሰጠው ሙዚቀኛ በአንዲት ትራምፔት የሦስት መንግሥታት መዝሙር ነፍቶአል፤ በየጊዜውም አዲሱን ኖታ አምጥተው ከፊቱ ሲያቆሙለት «የቀድሞውስ?» ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን አልነበረውም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ሙዚቀኞቹም ከጓዶቻቸው ጋር ተበተኑ። በዚያው ጊዜ የካሴት ነጋዴው አንድ ኪቦርድ የአሥር ነፊ ሥራ እንደሚሠራለት ዐውቆ ነበር። ነሐሱ ከዘፈናችን ቀስ በቀስ ወጣ፤ ማንም አላለቀሰለትም።

ዛሬ የመከላከያና የፖሊስ ማርሽ ባንዶች አሉ፤ እንግዳ ይቀበላሉ፣ በዓል ያደምቃሉ፣ እኛንም ያስመርቁናል። ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከሰፈሩ ውጭ ያለው ልጅ የት ይማር? በሙዚቃ ትምህርት ስሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው የያሬድ ትምህርት ቤት ከወናጎ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ይገኛል። እዚያ ለመግባት ደግሞ መግቢያ ፈተና አለ፤ መሣሪያ ነክቶ የማያውቅ ልጅ በምን ይፈተናል? በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ ዛፉ፣ እንሰቱ፣ የድንጋይ ትክሉ ተመዘገበ። የሕዝቡ ድምፅ ግን በማን ኖታ ተጻፈ? የዳራሮ በዓል ዜማ በትራምፔትና በክላርኔት ቢሰናዳ ምን ይመስል እንደ ነበር ለመስማት እንኳ ሰው የለንም።

ይቻላል ወይ ለሚል፣ ጌታቸው መኩሪያን እንጠቅሳለን። በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምረው ኋላ በፖሊስ ኦርኬስትራ የሠሩት፣ በ2008 ዓ.ም. ያረፉት እኚህ ሰው፣ የአያቶቻቸውን ሽለላ በሳክስፎን አሰሙ። የሰማቸው ሁሉ ሳክስፎኑ ከቤልጅግ መምጣቱን ረስቶ የጦር ሜዳ ጀግና ሲያቅራራ የሰማ መሰለው። መሣሪያው የሰፈር ነበር፤ ድምፁን ግን የአገሩ ቋንቋ አደረጉት። የጌዴኦን ዜማ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከጌዴኦ መውጣት አለበት፤ ሌላ አያደርግልንም፣ እንዲያደርግልንም መጠበቅ አይገባም።

ያለ ጦር ሰፈር ይህ አይሆንም የሚሉ ደግሞ ወደ ኪንሻሳ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1994 እዚያ የተቋቋመው የኪምባንጊስት ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሲጀምር መሣሪያው ጥቂት፣ ሰዉ ብዙ ስለ ነበር በአንዱ ቫዮሊን በየተራ ይለማመዱ ነበር፤ ክር ሲበጠስባቸው የቢስክሌት ፍሬን ሽቦ ገጥመው ይጫወቱ ነበር። መንግሥት አላዘዛቸውም፤ ጠመንጃም አልተሸከሙም።

አንድ ጓደኛችን ይህን ረቂቅ አንብቦ፣ «ንጹሕ ውሃ ላልደረሰው ቀበሌ ትራምፔት ምን ያደርግለታል?» ሲል ጠየቀን። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ለሰልፍና ለአቀባበል ትራምፔት ሲገዛ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ሰምተን አናውቅም። ለሹም ሲሆን አስፈላጊ፣ ለድኻ ልጅ ሲሆን ቅንጦት የሚሆን ዕቃ ምን ዐይነት ዕቃ ነው? ከወናጎና ከይርጋ ጨፌ የሚወጣው ቡና የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፤ ከዚያ ላይ የአንድ ትንሽ ባንድ መሣሪያ መጠየቅ ልመና ሊባል አይችልም።

ከዩኒቨርሲቲያችን የምንጠይቀውም ብዙ አይደለም። ለምረቃ ቀን ከውጭ ባንድ የሚጠራበትን ወጪ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቢቀንስና በርከት ያለ መሣሪያ ቢገዛ፣ ማታ ማታ ባዶ ከሚያድሩት ክፍሎች አንዱን ለልምምድ ቢፈቅድ፣ የከተማውም ልጆች ከተማሪው ጋር ቢገቡበት በቂ መነሻ ይሆናል። መምህር ከየት ይመጣል ለሚለው መልሱ በአጠገባችን ነው። በየከተማው በጡረታ የሚኖሩ፣ ወይም ሠራዊቱ ሲበተን ያለ ጡረታ የቀሩ የቀድሞ ሙዚቀኞች ይኖራሉ። ሱቅ የሚጠብቅ ይኖራል፤ ዘበኛ የሆነ ይኖራል፤ ምናልባትም የዕድሩን ጡሩንባ የሚነፋው እሱ ራሱ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው በብዙ ዓመት ድካም የተገኘ ዕውቀት በከንፈራቸውና በጣታቸው ይዘው ያረጃሉ። ዕውቀቱ ደግሞ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ነው፤ ሰውየው ሲቀበር አብሮ ይቀበራል። የታሪክ ክፍል መምህሮቻችን የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን ሲሉ እንሰማለን፤ ርእሱ ያለው በየዕድሩ ድንኳን ሥር ነው።

ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ እንድትጠይቁልን አደራ እንላለን። በሠፈራችሁ በክብር ዘበኛ፣ በምድር ጦር፣ በፖሊስ ወይም በክፍለ ጦር የሙዚቃ ክፍል ያገለገለ ሰው ካለ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ የትኛውን መሣሪያ ይጫወት እንደ ነበር፣ ማን እንዳስተማረው፣ ከስንት ዓመተ ምሕረት እስከ ስንት እንዳገለገለ ጻፉልን። የዲላንና የወናጎን እኛው እንጀምረዋለን። ስሙ እንዲጻፍ የማይወድ ካለ ስሙን ተዉት፤ መሣሪያውንና ዘመኑን ብቻ ጻፉ። መሣሪያው እስከ ዛሬ በእጁ ካለም ይነፋው እንደሆነ ጠይቁት።